በመብረቅ የተጎዳ የኔትወርክ ካርድ፦ አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ምን ላጣራ?

ጠያቂ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሞደሙ በዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ግን ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቼ የሚያጠኑት፣ እኔም የፈተና ጥያቄ የማዘጋጀው እዚያ ስለሆነ ከሦስት ዓመት በፊት ከሞደሙ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ 35 ሜትር ያህል የኔትወርክ ገመድ አዘርግቼ ነበር። ገመዱ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር በስስ ሽቦ እየታሰረ ሄዶ ግቢውን በአየር ላይ ይሻገርና በሰርቪስ ቤቱ መስኮት ይገባል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጣለ። ብልጭታውና ድምፁ እኩል ስለደረሱ መብረቁ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ እንደወደቀ ያስታውቅ ነበር። በቤታችን ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ መብራትም አልጠፋም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ግን ኢንተርኔት የለም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ወጥቶ የኔትወርክ ገመዱ አልተሰካም የሚል መልእክት ያሳያል። ነቅዬ ብሰካው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ባበራው ለውጥ አላመጣም። ገመዱ በሚሰካበት ቀዳዳ ጎን ብልጭ ድርግም ይሉ የነበሩት አረንጓዴና ቢጫ መብራቶችም ጭራሽ አይበሩም።

ሳሎን ያለው ላፕቶፕና ስልኮቻችን በዋይፋይ ያለችግር ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው የስልክ መስመር ደህና ነው። ሞደሙ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ረጅሙ ገመድ ተሰክቶበት የነበረው ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ በሌላ አጭር ገመድ ላፕቶፑን ባገናኘው አልሠራም፤ ሦስተኛው ላይ ሳደርገው ግን ወዲያው ሠራ።

ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው በጥቁሩ መስኮት ላይ ፒንግ 127.0.0.1 ብሎ ጻፈና መልስ ስለመጣለት ካርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ የዊንዶውስ ነው ብሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነልኝ። ከፍዬ ወደ ቤት ስመለስ ችግሩ እንደነበረ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ማዘርቦርዱ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም አለኝ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሲሆን ቀጭኑ ዓይነት ነው። ዱባይ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ስለሚመጣ የሚያስፈልገኝን ዕቃ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አንዴ ከመጣ በኋላ ተሳስተናል ብሎ መመለስ ስለማይቻል፣ ትክክለኛውን ዕቃ ከነስሙ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ጥገና ባለሙያ ከሐዋሳ

መምህር፣ ጥያቄዎን በዚህ ጥንቃቄ ስለጻፉ መልሱ ግማሽ በግማሽ እዚያው ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ስለ ፒንግ 127.0.0.1 ልናገር፤ ይህ ስሕተት በብዙ ጥገና ቤቶች ሲፈጸም ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ አድራሻ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው። ጥሪው ከዊንዶውስ ውስጥ ተነሥቶ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ይመለሳል እንጂ ካርዱ ጋ አይደርስም። ካርዱን ነቅለው መሬት ላይ ቢያስቀምጡትም ያው መልስ ይመጣል። ስለዚህ ያ ፍተሻ ስለ ካርዱ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

የኮምፒውተሩን ክፍሎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱ ስም ያለ ቢጫ ምልክት መታየቱም ማስረጃ አይሆንም። የኔትወርክ ካርድ ሥራ በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው ደግሞ በሽቦው ላይ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ይቀበላል። መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሽቦው ላይ ያለውን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከተረፈ ዊንዶውስ ካርዱን በስሙ ሊጠራው ይችላል፣ ገመዱ ግን እንዳልተሰካ ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚይዘው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያ ቁጥር የሚመጣው ካርዱና ገመዱ ተገናኝተው ሳለ ከሞደሙ አድራሻ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው። የእርስዎ መብራት ስለማይበራ ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው።

ለማንኛውም ሞተ ብለው ከመፍረድዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ከሶኬት ይንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ አንዳንዴም የደነዘዘ ካርድ በዚህ ይነቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ተሸክመው ሳሎን ይውሰዱትና ላፕቶፑን ባሠራው አጭር ገመድ በሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። ረጅሙን ገመድ ግን እባክዎ በጤነኞቹ ቀዳዳዎች ላይ እንዳይሰኩት። እዚያም መብራቱ ካልበራ ካርዱ አልቆለታል።

ማዘርቦርድ መቀየር አያስፈልግም። በኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ያለው ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር ተጣብቆ የመጣ የኢንቴል 82579ኤልኤም ነው፤ እሱ ቢሞት ማዘርቦርዱ ላይ ተጨማሪ ካርድ በሚሰካበት በፒሲአይ ኤክስፕሬስ ማስገቢያ ላይ ሌላ ካርድ መጨመር በቂ ነው። ለወንድምዎ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ የፒሲአይ ኤክስፕሬስ ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ፣ ባለ ኤክስ 1፣ ሪልቴክ 8111 ወይም 8168 ቺፕ ያለው፣ ከነአጭር ማሰሪያው። የመጨረሻዋን ቃል እንዳይረሷት። ቀጭኑ ኦፕቲፕሌክስ መደበኛውን ረጅም ማሰሪያ ቆርቆሮ አያስገባም፤ ካርዱ ጥሩ ሆኖ ክዳኑ አልገጥም ብሎ የተመለሰ ደንበኛ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ካርዱ ትንሽ፣ ማስገቢያው ረጅም ቢሆን አይጨነቁ፤ ኤክስ 1 የሆነ ካርድ በኤክስ 16 ማስገቢያ ላይ ይሠራል። ተመሳሳይ ስም ያለው የድሮው ፒሲአይ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ኤክስፕሬስ የሚለው ቃል በካርቶኑ ላይ መጻፉን ወንድምዎ ያረጋግጥ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አዲሱን ካርድ ገጥመው ያንኑ ገመድ ከሰኩት፣ በሚቀጥለው ነጎድጓድ እሱም ይሄዳል። በሞደሙ ላይ የሞተው ቀዳዳ የነገረን ይህንን ነው። መብረቁ በስልክ መስመሩ መጥቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጎዳው የስልኩ መግቢያ ነበር፤ እሱ ግን ይሠራል። በመብራት መስመር መጥቶ ቢሆን የኮምፒውተሩ ፓወር ሳፕላይ ወይም የሞደሙ አዳፕተር ይነካ ነበር፤ እነሱም ደህና ናቸው። የሞቱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የረጅሙ ገመድ ይኸኛው ጫፍና ያኛው ጫፍ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የተፈጠረው በራሱ በገመዱ ላይ ነው። መብረቅ ገመዱን መምታት አያስፈልገውም፤ በአቅራቢያው ሲወድቅ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ግቢ በተሻገረ ረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በካርዱ ቀዳዳ ኋላ ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመር እንድትቋቋም የሚጠበቅባት 1,500 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ ሲመጣ ዘልሎ ያልፋታል።

መልስ፦ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ኃላፊ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ወንድምዎ እስኪመጣ ድረስ ምን እንደሚደረግና በዩኤስቢ ስለሚሰኩ ካርዶች ነው።

ለጊዜው የአንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ያብሩት። ዊንዶውስ ስልኩን እንደ አንድ የኔትወርክ ካርድ ይቆጥረዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ስልኩ የቤቱን ዋይፋይ እየተቀበለ ሳለ ይህን ቢያደርጉ ከሲም ካርዱ ሳይቆረጥ የሞደሙን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ያሳልፋል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ የካርድ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) ሲጠፋ፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ሲያስፈልግ እኛ ከዚያ አዙሪት የምንወጣው በዚህ መንገድ ነው። ድራይቨሩ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ካላወቁ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱን ሃርድዌር መለያ ቁጥር ይመልከቱ፤ የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ ነው።

ኮምፒውተሩን መክፈት ካልፈለጉ በዩኤስቢ 3.0 የሚሰካ፣ ሪልቴክ 8153 ወይም አሲክስ 88179 ቺፕ ያለው ካርድ ጥሩ አማራጭ ነው። ርካሾቹን ግን ይጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ለላብራቶሪያችን ተመሳሳይ የሆኑ ትንንሽ የዩኤስቢ ካርዶች ተገዝተው መጡ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው ሠራ፤ ሁለተኛው ላይ ስንጨምር ሁለቱም እየተፈራረቁ ይቋረጡ ጀመር። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። ገመድ ቀየርን፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ቀየርን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለፋን። በመጨረሻ የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ አይፒኮንፊግ ኦል ብለን የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ስናስተያይ የሁለቱም ማክ አድራሻ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው ፊደል አንድ ነበር! ማክ አድራሻ እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ የራሱ መታወቂያ መሆን ሲገባው፣ አምራቹ ሁሉንም አንድ ስም አውጥቶላቸዋል። ስዊቹ ምን ያድርግ፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ከሁለት በር እየተጣሩ ደብዳቤውን ለማን ይስጥ? ከዚህም በላይ እነዚህ ካርዶች በላያቸው 100 ሜጋቢት ተብሎ ይጻፍባቸው እንጂ የሚሠሩት በዩኤስቢ 1.1 ስለሆነ ከ12 ሜጋቢት ማለፍ አይችሉም።

መልስ፦ ገመድ ዘርጊ

ሥራዬ ገመድ መዘርጋት ስለሆነ የምጽፈው ስለ ግቢው ብቻ ነው። መምህር ገመዱን ሦስት ዓመት አስጥተውታል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ግራጫ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ልባሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ክረምት ሲገባ ውኃ ይጠጣል። እጅዎን በገመዱ ላይ ሲያሳልፉ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘዎት መብረቁ ባይመጣም ዕድሜው አልቆ ነበር። በቆርቆሮ ክፈፍ ላይ ማሰርም ተገቢ አልነበረም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚገዛው ስታብላይዘር ወይም ውድ ዲቫይደር ነው። እነሱ የመብራቱን መስመር እንጂ የኔትወርክ ገመዱን አይጠብቁም። ለኔትወርክ ገመድ የተሠራ የመብረቅ መከላከያ አለ፤ ነገር ግን ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲያወርድ በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት መኖሩ ብቻ የመሬት ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር ያልተገናኘበት ቤት ብዙ ነው። መሬት የሌለው መከላከያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምክሬ ከሁለት አንዱ ነው። ቀላሉ ሽቦውን ጭራሽ ማስወገድ ነው። የሞደሙ ዋይፋይ ሰርቪስ ቤቱ መስኮት ጋ ከደረሰ አንቴና ያለው የዩኤስቢ ዋይፋይ ካርድ ገዝቶ በማስረዘሚያ ገመድ መስኮቱ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። በ5 ጊጋኸርዝ ሳይሆን በ2.4 ጊጋኸርዝ ያገናኙት፤ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል። የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ወፍራም ከሆነ ግን ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ ልጆች በቪዲዮ የሚማሩ ከሆነ ያናድዳቸዋል።

እኔ በራሴ ቤት ቢሆን የማደርገው ሁለተኛውን ነው። ፋይበር እዘረጋለሁ። ፋይበር መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ መብረቅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ አይኖረውም። የሚያስፈልገው ጫፎቹ በፋብሪካ ተሠርተው የመጡ 50 ሜትር ሲንግል ሞድ ፋይበርና ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር ነው፤ አንዱ ከሞደሙ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጣል። በአንድ ክር የሚሠሩት ኮንቨርተሮች ኤ እና ቢ ተብለው በጥንድ ይሸጣሉ፤ አንዱ በሚልክበት የብርሃን ዓይነት ሌላው ይቀበላል። ሁለት ኤ ገዝቶ የመጣ ሰው ሁለት መስማት የማይችሉ ሰዎችን እንዳገናኘ ነው። በላዩ ላይ የብርሃኑን ዓይነት የሚያሳዩት 1310 እና 1550 ተገላብጠው መጻፋቸውን ይመልከቱ፤ የሁለቱም ፍጥነት አንድ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብ። ለውጭ የሚሆነው ጥቁር የፋይበር ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ ለጥንካሬ የተጨመረ የብረት ሽቦ አለው። ያንን ሽቦ ይዞ ሁለቱንም ቤት ያገናኘ ሰው ለመስታወቱ ገንዘብ ከፍሎ ብረቱን በነፃ አስገባ ማለት ነው። ማጠናከሪያው ከፕላስቲክ የሆነውን ይምረጡ፤ ካልተገኘ ብረቱን ከመስታወቱ ለይተው ከግድግዳው ውጭ ይቁረጡት።

ጠያቂ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታዘዝኩትን ሁሉ አድርጌ ውጤቱን ልነግራችሁ ነው የተመለስኩት።

ኮምፒውተሩን ሳሎን ወስጄ በአጭር ገመድ ስሞክረው መብራቱ አልበራም። የ30 ሰከንዱም ሙከራ አልረዳም። ረጅሙን ገመድ ሳወርደው ደግሞ ግቢውን የሚሻገረው ክፍል እውነትም ነጭ ዱቄት አለው፤ በአንድ በኩል ልባሱ ተሰንጥቆ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቀለማቸው ይታያል። ለሦስት ዓመታት ከሥሩ ስመላለስ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ወንድሜ ከነአጭር ማሰሪያው ካርዱን፣ ኤ እና ቢ የሆኑ የ100 ሜጋቢት ኮንቨርተሮችንና የፕላስቲክ ማጠናከሪያ ያለው 50 ሜትር ፋይበር ይዞልኝ መጣ። ካርዱን ስገጥም ረጅሙን ማሰሪያ በካቻቢቴ ፈትቼ አጭሩን አሰርኩበት፤ ማስገቢያው ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ አልገባ ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣቶቼ እኩል ስጫነው ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። ዊንዶውስ ምንም ሳልጭን ራሱ አወቀው። ፋይበሩን ከልጄ ጋር ሆነን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈን በአጥሩ ሥር ቀበርነው፤ ማዕዘን ላይ እንዳይታጠፍ ሰፋ አድርገን አዞርነው። ሲሰካ በሁለቱም ኮንቨርተሮች ላይ መብራቶቹ በሩ፣ ኢንተርኔቱም መጣ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ካርዱ ጊጋቢት፣ ማለትም የ1,000 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ ፍጥነቱን 100 ሜጋቢት ብሎ ያሳያል። የተበላሸ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ጥገና ባለሙያ ከሐዋሳ

እንኳን ደስ ያለዎት መምህር። የተበላሸ ነገር የለም። ካርድና ኮንቨርተር ሲገናኙ ሁለቱም የሚችሉትን ይነጋገሩና በሚያስማማቸው ከፍተኛ ፍጥነት ይሠራሉ፤ የእርስዎ ኮንቨርተሮች የ100 ስለሆኑ ካርዱ ወደ 100 ወርዷል። በመስመርዎ የሚገባው ኢንተርኔት ለምሳሌ 10 ሜጋቢት ቢሆን፣ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ያህል ብቻ የሚያመጣ ስለሆነ የ100ው መንገድ አሥር እጥፍ ይሰፋዋል።

ሁለቱም ጫፎች ጊጋቢት ሆነው ሳለ 100 ካሳየ ግን ገመዱን መጠርጠር ነው። የ100 ሜጋቢቱ ከስምንቱ ሽቦዎች 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 6ኛውን ብቻ ሲጠቀም፣ ጊጋቢቱ ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡኒው ጥንድ በደንብ ሳይጨመቅ ከቀረ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ፍጥነቱ ግን በዝምታ ይወርዳል።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ 2ን ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡና ኢንቴግሬትድ ኒክ (ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣው ካርድ) የሚለውን ዲሴብልድ፣ ማለትም የተዘጋ ያድርጉት። የሞተው ካርድ በዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ልጆቹ በስሕተት ገመዱን በእሱ ቀዳዳ ላይ እንዳይሰኩት፣ በቀዳዳው ላይ ቁራጭ ናስትሮ ይለጥፉበት። በሞደሙ ሁለተኛ ቀዳዳ ላይም እንዲሁ።